ስፒከሩን ከመቁጠርዎ በፊት ቀዳዳውን ይቁጠሩ

ጥያቄ፦ «ላፕቶፕ አለኝ። ፊልም አያለሁ፣ አልፎ አልፎ ጌም እጫወታለሁ፣ ሙዚቃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ክፍሌ 4 በ3.5 ሜትር ነው፤ ጠረጴዛዬ ረጅሙን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ከወንበሬ ኋላ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ቦታ አለ። በአነስተኛ ገንዘብ ባለ 5.1 ዙሪያ ድምፅ ልገዛ ሄጄ ሻጩ 1200 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ብሉቱዝ ያለው አሳየኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ያገለገለ አምፕሊፋየር ፈልግ ይለኛል። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ ሻጩ ያሳየዎትን ዕቃ ጀርባውን አዙረው ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የጓደኛዎ ምክር ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ግን አምፕሊፋየር ሁሉ አንድ አለመሆኑን አልነገረዎትም። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ወደ እኔ የሚመጡት ቅሬታዎች አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ሰው ዕቃውን የሚመርጠው ከፊት ለፊቱ ነው። አምስት ስፒከር፣ ትልቅ ሳጥን፣ ሰማያዊ መብራት፣ ሪሞት። ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ግን ጀርባው ነው። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ግዢም ይሠራል።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርዎት። የመጀመሪያዬን ባለ 5.1 የገዛሁ ጊዜ ስፒከሮቹን በክፍሉ ማዕዘናት አስቀመጥኩ፤ አረንጓዴ ጫፍ ያለውን ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ፤ አምስቱም ሲጮኹ ሰምቼ ደስ አለኝ። እንዲህ ሆኜ ስድስት ወር ኖርኩ። አንድ ምሽት አብሮኝ ፊልም የሚያይ ጓደኛዬ «ይህ ሄሊኮፕተር ከፊትም ከኋላም የሚመጣው ሁለት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የእጅ ባትሪ ይዤ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ጥቁሩና ብርቱካናማው ገመድ ከፋብሪካ እንደ ወጡ በቀጭን ሽቦ ታስረው፣ ከነፕላስቲካቸው ከሳብዉፈሩ፣ ከጉርምርምታው ሳጥን፣ ኋላ ተጋድመዋል። ግማሽ ዓመት ሙሉ ስሰማ የኖርኩት ሁለት ድምፅ በአምስት ስፒከር ሲደጋገም ነበር። እኔ ገመዱን ስላልሰካሁ ያጣሁትን ነገር፣ ብዙ ሰው መሰኪያው ጨርሶ የሌለውን ዕቃ በመግዛት ያጣዋል። የእኔው ጥፋት በአንድ ደቂቃ ተስተካከለ፤ የእነርሱ አይስተካከልም።

5.1 ማለት ስድስት የተለያዩ ድምፆች ማለት ነው። የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የመካከል፣ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ አምስት ናቸው፤ ነጥብ አንድ የተባለችው ደግሞ እስከ 120 ሄርዝ (ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ድረስ ላለው ጉርምርምታ ብቻ የተለየች መስመር ናት። ሙሉውን የድምፅ ስፋት ስለማትሸከም ሙሉ ቁጥር አልተሰጣትም። ስድስቱ ድምፆች ሳይቀላቀሉ ከኮምፒውተሩ መውጣት፣ ሳይቀላቀሉ በገመዱ መጓዝ፣ ሳይቀላቀሉ ወደ ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) መግባት አለባቸው። ከሦስቱ በአንዱ ቦታ ላይ ሁለት ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ካለ፣ ከዚያ ወዲያ የተደረደሩት ስፒከሮች ጌጥ ናቸው።

እንግዲህ ዕቃውን ያዙሩት። አረንጓዴ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ የሆኑ ሦስት ክብ ቀዳዳዎች ካሉት፣ ወይም ስድስት የአርሲኤ መሰኪያዎች (የዲቪዲ ቀይና ነጭ ገመድ የሚሰካባቸው ዓይነት) ተደርድረው አጠገባቸው «5.1» ወይም «ዲቪዲ» የሚል ከተጻፈ፣ እውነተኛ ባለ ስድስት መስመር ነው። ለአርሲኤው አንዱ ጫፉ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ጃክ፣ ሌላው ጫፉ ሁለት አርሲኤ የሆነ ገመድ ሦስት ያስፈልግዎታል፤ ዋጋው የሚያስጨንቅ አይደለም። ቀይና ነጭ አርሲኤ ብቻ፣ ወይም «አክስ» የሚል አንድ ቀዳዳ ብቻ ካየሁ ግን እኔ ያንን ዕቃ «አምስት ስፒከር የለበሰ ስቴሪዮ» እለዋለሁ። ሁለት ተቀብሎ ለአምስት ያድላል። ብሉቱዙም ከዚህ አያድንዎትም፤ ሙዚቃ የሚተላለፍበት ኤቱዲፒ የተባለው የብሉቱዝ ደንብ የሚሸከመው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ከፊት ለፊት ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳም ብዙ ሰው ያታልላል። እርሱ ፍላሽ ሰክቶ ዘፈን ለማጫወት የተበጀ ነው፤ ኮምፒውተር ሲሰኩበት እንደ ድምፅ ካርድ (የኮምፒውተርን ድምፅ ለስፒከር እንደሚያወጣው ዕቃ) ያገለግላል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የኮምፒውተርዎ ተራ ነው። ዴስክቶፕ ቢኖርዎት ነገሩ ቀላል ነበር። የብዙዎቹ ጀርባ አምስት ወይም ስድስት ባለ ቀለም ጃክ አለው፦ አረንጓዴው ለፊት፣ ጥቁሩ ለኋላ፣ ብርቱካናማው ለመካከልና ለሳብዉፈር። ሦስት ጃክ ብቻ ያላቸውም ተስፋ አይቆረጥባቸውም። በድምፅ ድራይቨሩ (የኮምፒውተሩን የድምፅ ክፍል በሚያዝዘው ፕሮግራም) ማስተካከያ 5.1 ሲመረጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊው የኋላ፣ ሮዙ ደግሞ የመካከልና የሳብዉፈር መውጫ ሆነው ሥራቸውን ይለውጣሉ። የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ያጣሉ እንጂ ስድስቱን ድምፅ ያገኛሉ። የእርስዎ ላፕቶፕ ግን እንደ ብዙዎቹ አንድ ጃክ ብቻ ሳይኖረው አይቀርም፤ ከእርሱ የሚወጣው ሁለት መስመር ነው። አንዱን ጃክ ለሦስት የሚከፍል ገመድ አለ ብሎ የሚያግባባዎት ሰው ካጋጠመዎት ፈገግ ብለው ይለፉት። ያ ገመድ ድምፁን ያባዛል እንጂ አይለያይም።

ስለዚህ ከላፕቶፕ ስድስት መስመር የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው፤ በዩኤስቢ ወይም ምስልና ድምፅ አብሮ በሚወስደው በኤችዲኤምአይ።

የዩኤስቢው መንገድ ርካሹ ነው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ ይገዛሉ። ዩኤስቢ ይህን ሁሉ ድምፅ ይችለዋል ወይ ለሚሉ ሒሳቡ ይኸው፦ ስድስት መስመር፣ በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፤ ሲባዛ በሰከንድ 4.6 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። የድሮው ዩኤስቢ እንኳ 12 ሜጋ ቢት ያሳልፋል። ስለዚህ ችግሩ ያለው በዩኤስቢው ላይ ሳይሆን በካርዱ ላይ ነው። ገበያው አውራ ጣት በምታህል፣ «7.1» ተብሎ በተጻፈባት፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና አንድ የማይክሮፎን ቀዳዳ ብቻ ባላት ዕቃ ተሞልቷል። ስምንቱ ድምፆች በአንድ ቀዳዳ በየት በኩል ይወጣሉ? አይወጡም፤ በሶፍትዌር የተቀነባበረ የጆሮ ማዳመጫ ማስመሰያ ነው። እውነተኛው ካርድ መጠኑ የሲጋራ ፓኮ ያህላል፤ ጎኑ ላይ ቢያንስ ሦስት የድምፅ መውጫ ተደርድሮ ይታያል። እዚህም ላይ የመቁጠሩ ሕግ አልተለወጠም።

ከዩኤስቢ ካርዶች አንዳንዶቹ፣ ከስፒከር ስብስቦችም ውድ የሆኑት፣ ቀይ ብርሃን የሚታይበት የኦፕቲካል መሰኪያ አላቸው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለበት። ኦፕቲካል ገመድ ሳይታመቅ የሚያሳልፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው። 5.1 የሚያልፍበት በዶልቢ ዲጂታል ወይም በዲቲኤስ ታምቆ ከሆነ ነው፤ በዲቪዲ ላይ ያለው ዶልቢ ዲጂታል ቢበዛ 448 ኪሎ ቢት ነው፣ ከላይ ካሰላነው አንድ አሥረኛ ያህል ማለት ነው። ፊልሙ ታምቆ ስለሚመጣ እንዳለ ያልፋል፣ ስፒከሩም ፈትቶ ያጫውተዋል። ጌም ግን ድምፁን እዚያው በዚያው ስለሚፈጥር የታመቀ ነገር የለውም። ካርዱ ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ ወይም ዲቲኤስ ኮኔክት የተባለ በቅጽበት የሚያምቅ ችሎታ ከሌለው፣ ጌሙ በስቴሪዮ ይመጣል። ፊልሙ በአምስቱም እየሠራ ጌሙ ለምን በሁለት ሆነ ብለው ገመድ ሲቀይሩ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ኤችዲኤምአይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ስምንት መስመር እንኳ ሳይታመቅ ይሸከማል፤ ፊልም ይሁን ጌም አይለይም። በሌላው ጫፍ የሚቀበለው ግን ኤቪ ሪሲቨር ነው። ሪሲቨር ስል የሳተላይት ዲሹን ማለቴ አይደለም፤ ብዙ የድምፅና የምስል መግቢያ ያለው፣ አምስት ወይም ሰባት ስፒከር የሚነዳ አምፕሊፋየር ነው። ጓደኛዎ ያለው ይህን ከሆነ ትክክል ነው። አዲሱ ከበጀትዎ በላይ ይሆናል፤ ያገለገለው ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ የፕላስቲክ ስብስብ እምብዛም አይበልጥም። ሰዎች አዲስ የምስል ጥራት በመጣ ቁጥር ድምፁ ምንም ያልጎደለውን ሪሲቨር ይሸጡታል። የእነርሱ ችኮላ ለእርስዎ ሲሳይ ነው።

እርሱንም ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ኤችዲኤምአይ በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ሪሲቨሮች ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ከማስተላለፍ ውጪ ከኤችዲኤምአይ ድምፅ አይወስዱም፤ መሰኪያው አለ፣ ድምፁ የለም። ላፕቶፕዎን ይዘው ሄደው ሰክተው ይሞክሩ። ሁለተኛው፣ የድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ቢንኮሻኮሽ በመጠኑ ይታለፋል፣ አንዱ መስመር ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ ግን ይተዉት። ከገዙት በኋላ ላፕቶፕዎ ሪሲቨሩን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ቢያየው አይደንግጡ። ኤችዲኤምአይ ጠባዩ ነው፤ የማውሱ ቀስት ወደማይታይ ስክሪን እንዳይሾልክ ማሳያውን «ደግም» በሚለው ላይ ያድርጉት። ሪሲቨሩ ሲጠፋ የድምፅ መሣሪያው ከዝርዝሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲበራ ይመለሳል።

የሪሲቨር ትልቁ ጥቅም ግን ድምፁ ብቻ አይደለም፤ በጥቂት በጥቂቱ መግዛት ማስቻሉ ነው። ዛሬ ሪሲቨሩንና ሁለት ደህና የፊት ስፒከር ገዝተው «መካከልና ሳብዉፈር የለኝም» ብለው በሪሲቨሩ ማስተካከያ ዝርዝር ላይ ያሳውቁታል፤ የእነዚያን ድምፅ ለሁለቱ ያካፍላቸዋል። የኋላዎቹን ከወራት በኋላ ይጨምራሉ። በአንድ ሳጥን የሚሸጠው ስብስብ ግን ማጉያው ብዙውን ጊዜ ሳብዉፈሩ ሆድ ውስጥ ነው፤ እርሱ ሲቃጠል አምስቱም ስፒከሮች አብረው ሥራ ይፈታሉ።

አሁን ወደ 1200 ዋት እንምጣ። ይህ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ሥራዬ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ሳጥኑ ላይ «ፒኤምፒኦ» የሚል ካለ ቁጥሩን ጨርሰው ይርሱት፤ ማንም እንደፈለገው የሚያሰላው፣ ለቅጽበት እንኳ የማይደረስበት ቁጥር ነው። ሊያዩት የሚገባው «አርኤምኤስ» የሚለውን፣ ማጉያው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። እርሱም ካላሳመነዎት ከጀርባ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት በስልክዎ መብራት ያንብቡ። አንድ ጊዜ ፊቱ ላይ በወርቃማ ፊደል 1000 ዋት የተጻፈበት ዕቃ አመጡልኝ፤ ኋላው ላይ ከመብራት መስመር የሚወስደው 60 ዋት እንደሆነ ራሱ ፋብሪካው ጽፎታል። ስልሳ እየበላ ሺህ የሚያወጣ ማሽን ቢኖር ኖሮ የኃይል ማመንጫ በሆነ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ የታወቀው የሎጂቴክ ዜድ506 ባለ ስድስት መስመር ስብስብ በአርኤምኤስ 75 ዋት ነው። የዚያው ኩባንያ ትልቁ ዜድ906 500 ዋት ሲሆን፣ 165ቱ የሳብዉፈሩ፣ ቀሪው ለአምስቱ 67 በ67 የተከፋፈለ ነው።

ደግሞስ ስንት ዋት ያስፈልግዎታል? የተለመደ ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ ይሰጣል። ይህ በሥራ ቦታ ደህንነት መመሪያዎች ለስምንት ሰዓት ከተሰማ ለጆሮ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል የሚባል መጠን ነው። በአንድ ዋት! ዋቱን እጥፍ ቢያደርጉት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮዎ «እጥፍ ጮኸ» ለማለት አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር ርቀው ለሚቀመጡ ሰው በእያንዳንዱ ስፒከር እውነተኛ አሥር ዋት ከበቂ በላይ ነው። በ40ና በ60 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ዴሲቤል አይበልጥም፤ ዓይንዎን ጨፍነው ቢሰሙት ልዩነቱን ለመናገር ይቸግርዎታል።

ከዋቱ ይልቅ የሚሰማው የስፒከሩ መጠን ነው። ቡጢ የምታህል፣ ባለ 2.5 ኢንች ስፒከር ከ200 ሄርዝ ወደ ታች ስትወርድ ትደክማለች። ያኔ የወንድ ድምፅ ወፍራሙ ክፍል ወደ ሳብዉፈሩ ይሰደዳል፤ ተዋናዩ ከስክሪኑ ሆኖ ደረቱ ከጠረጴዛው ሥር የሚያወራ ይመስላል። የወፍራም ድምፅ አቅጣጫ ለጆሮ የሚጠፋው ከ80 ሄርዝ ገደማ በታች ሲሆን ነው፤ ሳብዉፈሩ ከዚያ በላይ እንዲሠራ ከተገደደ የት እንደተቀመጠ ይታወቅበታል። የሚያነሡት ስፒከር ከአራት ኢንች ያነሰ ባይሆን እመርጣለሁ። በጀቱ ወደ ትንሾቹ ካስገደደዎት ግን ሳብዉፈሩን ከማዕዘን አውጥተው ከጠረጴዛው ሥር፣ ከስክሪኑ ትይዩ ያድርጉት፤ ቢያንስ ድምፁ ከተዋናዩ አፍ አቅጣጫ ይመጣል። ማዕዘን ውስጥ የተቀመጠ ሳብዉፈር ጉርምርምታው ይበዛል፤ ሰዎች ይህን ጥራት ይሉታል፣ እኔ ግን ጎረቤትን ማስቀየሚያ ነው የምለው።

አቀማመጡን በግድግዳ ሰዓት ፊት ያስቡት። እርስዎ መሐል ላይ ነዎት፣ ስክሪኑ 12 ላይ። የመካከሉ ስፒከር እዚያው 12 ላይ፣ የፊት ሁለቱ 11ና 1 ላይ፣ የኋላዎቹ 8ና 4 ላይ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢኤስ 775 በተባለው ምክረ ሐሳቡ የፊቶቹን በ30፣ የኋላዎቹን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ያስቀምጣቸዋል፤ ሰዓቱ የሚሰጥዎት እርሱኑ ነው። ልብ ይበሉ፣ «የኋላ» የተባሉት ከጀርባ ሳይሆን ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ነው። በእርስዎ ክፍል ውስጥ በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ላይ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ ብለው ቢሰቀሉ ይመቻሉ። ከፊቶቹ ግን በእጥፍ ስለሚርቁ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ይኖርብዎታል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ሪሲቨር ርቀቱን ሲነግሩት የቀረቡትን አዘግይቶ ያስተካክለዋል፣ ርካሹ ስብስብ ይህን አይችልም።

ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ይከፈታል ብለዋል። አብዛኛው ሙዚቃ የተቀዳው በሁለት መስመር ነው፤ በኢንተርኔት ከምናየው ቪዲዮም ብዙው እንደዚያው ነው። ስለዚህ አዲሱን ስብስብ ገዝተው ዘፈን ሲከፍቱ ሦስቱ ስፒከሮች ዝም ቢሉ ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን እውነቱን እየነገረዎት ነው። በሁሉም እንዲጮህ የሚያደርግ ቁልፍ ይኖረዋል፤ ቤት ሲያጸዱ ይጠቀሙበት። ቁጭ ብለው ሲሰሙ ግን ሁለቱን ብቻ ይተዉ፤ የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱ መሐል፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ቆሞ ይሰማዎታል። እውነተኛ 5.1 የሚያገኙት ከጌም፣ ከፊልም ዲስክና ባለ ስድስት መስመር ድምፅ ካለው የፊልም ፋይል ነው።

ከተሰካ በኋላ ኮምፒውተሩ በራሱ አያውቅም፤ መንገር ያስፈልጋል። በዊንዶውስ የድምፅ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ካርዱን ወይም ሪሲቨሩን መርጠው «ኮንፊገር» የሚለውን ይጫኑ፤ 5.1 ይምረጡ፤ «ቴስት» ሲሉ እያንዳንዱ ስፒከር በተራው ይጮኻል። በማክ ይህ የሚገኘው «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» በተባለው ፕሮግራም ነው። በሙከራው ጊዜ መካከሉ በሚጠራበት ሰዓት ሳብዉፈሩ ከተናገረ ሁለቱ ተለዋውጠዋል፤ በአንድ ገመድ ግራና ቀኝ ሆነው ስለሚጓዙ አንዳንድ ፋብሪካ ይገለብጣቸዋል፣ ድራይቨሩ ላይ መመለሻ ይፈልጉ።

ላፕቶፕ በቻርጀር ላይ ሆኖ ከስፒከር ጋር ሲገናኝ የሚሰማ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅም ሊገጥምዎት ይችላል። ቻርጀሩን ይንቀሉ። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ስፒከሩ ደህና ነው፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ተያይዘው ዙር ሠርተዋል። መጀመሪያ ሁለቱንም ከአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ካልበቃ ለጃኩ ገመዶች የሚሆን መለያ ትራንስፎርመር አለ፤ ኦፕቲካል ደግሞ መስተዋት ወይም ፕላስቲክ እንጂ መዳብ ስላልሆነ ዙሩን ጨርሶ ይቆርጠዋል። የመሬቱን የሶኬት እግር ቆርጦ ችግሩን «የሚፈታ» ሰው ቢመጣ ግን በሩን ያሳዩት። ያ እግር ያለው ለሕይወትዎ ነው።

ቁርጡን ልንገርዎት። አዲስና በዋስትና የሚሸጥ ከፈለጉ ሦስት ባለ ቀለም መግቢያ ያለው ቀላል ስብስብና እውነተኛ ባለ ሦስት መውጫ የዩኤስቢ ካርድ ይግዙ፤ ዋቱ 75 ቢሆን አይናቁት። ለመፈለግ ትዕግሥት ካለዎት ያገለገለ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ይሁን፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህን አደርግ ነበር። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልደረሰ ደግሞ ለአምስት ደካማ ስፒከር ከማከፋፈል በሁለት ጠንካራ ላይ ያውሉት። ብቻውን ስክሪኑ ፊት ለሚቀመጥ ሰው የመካከሉ ስፒከር ባይኖር ብዙ አይጎዳም። ለጌሙ ሌሊት ሌሊት ተራ የጆሮ ማዳመጫና በዊንዶውስ ውስጥ በነጻ ያለው ዊንዶውስ ሶኒክ ከኋላ የሚመጣን ኮቴ በደንብ ያሰማል። እርሱ በግልጽ ማስመሰያ ነው፣ ዋጋም አላስከፈለዎትም፤ እኔ የምጠላው ማስመሰያው በዋጋ ሲሸጥ ነው።

ለግዢ ሲሄዱ ላፕቶፑንና ካርዱን ይያዙ፤ ሻጩ ፊት ሙከራውን ያስጩኹ፣ የኋላ ግራው ለብቻው ሲጮኽ ጆሮዎን አስጠግተው ይስሙ። ያገለገለ ስፒከር ከሆነ ፊቱ ላይ ያለውን መረብ ነቅለው በሾጣጣው ዙሪያ ያለውን የስፖንጅ ጠርዝ በጣትዎ ቀስ ብለው ይንኩት፤ እንደ ደረቀ ቅጠል ከተፈረፈረ ይመልሱት። ከቤት ሳይወጡ ደግሞ ሲባጎ ይዘው የኋላ ገመዱ የሚሄድበትን መንገድ ይለኩ። ገመድ በአየር ላይ አይሄድም፤ ከጠረጴዛው ሥር እስከ ማዕዘኑ 2 ሜትር፣ በጎኑ ግድግዳ ሥር 2.5፣ ወደ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ፤ በክፍልዎ 6 ሜትር ገደማ ይመጣል። አብሮ የሚሸጠው ገመድ ካጠረ መቀጠያ ያስፈልግዎታል፤ ስፒከሩ የራሱ የተለየ መሰኪያ ካለው ደግሞ መቀጠያውን እዚያው ሳሉ ይጠይቁ፣ በኋላ ለብቻው ማግኘት ያስቸግራል።